ዘጠና አንድ ነጥብ አራት

ትኬት ቆራጭ ነኝ፣ ቫልፓራይሶ ላይ፤
ወደቡ ከእግሬ ሥር፣ ሰፈሩ ከበላይ።
ሁለት ፉርጎ አሉን፣ በአንድ ገመድ ታስረው፤
ወራጁ ነው ወጪውን ዳገት የሚያሻግረው።
ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ሳይ ቆየሁ፤
ሥጋዬ ወርዶ ነፍሴ እንድትወጣ ብዬ
(ቃሉን ሳላጣራ) ሐኪም ቤት ገባሁ።

መጋቢት ማክሰኞ፣
ተስፋ ከምቆርጥ ብዬ ሆዴን አስቆረጥኩኝ፤
ከሙዝ የማይወፍር ቀጭን ቱቦ አስቀሩልኝ።
"ሆደ ሰፊ" ይሉኝ ነበረ የሚያውቁኝ፣
የባሌን መጠጥ ችዬ ዝም ስል እያዩኝ፤
አሁን ሦስት እጁ ተቆርጦ ከተጣለ፣
"ሆድ ይፍጀው" ያልኩት ሁሉ የትኛው ሆድ ውስጥ አለ?

ሠላሳ ስምንት ኪሎ በሰባት ወር ጣልኩኝ፤
ቀለበቴ ሾልኮ ከሳንቲም ጋር ወጥቶ
ለአንድ መርከበኛ መልስ ብዬ ሰጠሁኝ።
"ሴኞራ፣ ይሄ መልስ በዛ" ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ ቆመ።

ዘጠና አንድ ነጥብ አራት።
ሰኞም ሐሙስም፣ ጾሜም በልቼም፣
ጫማዬን አውልቄ፣ ጉትቻዬን ፈትቼም፣
ዘጠና አንድ ነጥብ አራት።
ዘጠኝ ሳምንት።
ሚዛኑን ከመታጠቢያ ቤት ወደ ማድ ቤት ወሰድኩት፤
ምናልባት ወለሉ ነው።
ወለሉ አልነበረም።

የምግብ ባለሙያዋ ያስና ደብተሬን ገለጠች፤
"ፕሮቲንሽ ደኅና ነው፣ ውሃም አለ" አለች፤
"መቆም ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያልፋል።
ግን የምትውጪውን አሳዪኝ።"
ሦስት ሰሌዳ ክኒን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ፦
የደም ግፊቱን፣ ቫይታሚኑን፣
ደግሞም ያን ሮዝ፣
ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ በር ላይ ቆሞ
የሚጥለኝን በሽታ የሚመልሰውን።
"ይሄኛው ክብደት ሊይዝ ይችላል" አለች፤
"ለነርቭ ሐኪምሽ እጽፋለሁ። እስከዚያ እንዳትነኪው።"
"እንዳትነኪው" ያለችውን አውቶቡስ ላይ ጣልኩት።

ሦስት ሌሊት በቢላ ለሁለት ከፈልኩት፤
ግማሹን ዋጥኩና ግማሹን ደበቅኩት
ስኳር ዕቃ ውስጥ። (ስኳርማ ከቤቴ ከወጣ ቆይቷል።)
በአራተኛው ጠዋት፦ ዘጠና አንድ ነጥብ ሦስት።
አንድ መቶ ግራም!
አንድ የዳቦ ቁራሽ የማታህል ነገር፤
በሌሊት ልብሴ፣ ብቻዬን፣ አጨበጨብኩላት።

ረፋዱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ።
ከዚያ የሳንቲም ድምፅ።
ከዚያ ጣሪያ፤ ከዚያ የዶን ኤልዮዶሮ ፂም፣
ከሞተር ክፍሉ ሮጦ መጥቶ፣
በግራሳም ጃኬቱ ራሴን ደግፎ፦
"ኤደልሚራ፣ እዚህ ነኝ፤ ኤደልሚራ።"
ፉርጎዎቹን አቁሞ ነበር የመጣው።
መሐል ዳገት ላይ የቀሩት ሰዎች
በመስኮት ይጮሃሉ፦ "ምንድነው? ተበጠሰ?"
እጄን ሳይለቅ መለሰላቸው፦
"ቆመ እንጂ አልወደቀም! ገመዱ ይዞታል።
እስከዚያ ባሕሩን እዩ!"

የነርቭ ሐኪሙ አልተቆጣኝም።
ወረቀት ስቦ ሁለት መስመር አሠመረ፣
አንዱ ቁልቁል፣ አንዱ ሽቅብ።
"የድሮው ጥቂት ሲቀንስ አዲሱ ጥቂት ይጨምራል፤
በየሳምንቱ፣ ቀስ እያለ። ቢላ አያስፈልግም።"
ሳቅኩኝ። ለምን እንደሆነ አልገባውም።
ይቺን ሥዕል ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጬባታለሁ።

ዛሬ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው።
ኤልዮዶሮ በየጠዋቱ በመስኮቴ ብቅ ይላል፣
ቁጥሩን አይጠይቅም፣ "ዋጥሽ?" ብቻ።
"ዋጥኩ።"
ቁጥሩን ለእናንተም አልነግርም፤ ሆድ ይፍጀው፤
ለእሱ የሚበቃ ቦታ ተርፎኛል።
ስኳር ዕቃው ውስጥ ግን
ሦስቱ ግማሾች እንዳሉ አሉ።
አልጣልኳቸውም።